ቤታችሁ ፎርክሎዠር ሲያሰጋው የማትሠሯቸው ስህተቶች

እዚህ አሜሪካ ሞርጌጅ (የቤት ብድር) መክፈል ያቃታቸውን ሰዎች አማክራለሁ። ብዙ ጊዜ አጭበርባሪው ይቀድመኛል። የፎርክሎዠር፣ ማለትም ብድሩ ባለመከፈሉ ቤቱ ተወስዶ የሚሸጥበት ሂደት፣ ማስታወቂያ የሕዝብ መዝገብ ስለሆነ ስምና አድራሻ ከዚያ ይለቅማል። ከዚያ የመንግሥት የሚመስል ደብዳቤ ይመጣል።

ቅድሚያ መክፈል። በ2010 የወጣው የፌዴራል ደንብ ግልጽ ነው። ብድር አስተካክላለሁ የሚል ድርጅት ከአበዳሪው የጽሑፍ ስምምነት አምጥቶ እስክትቀበሉት ድረስ ገንዘብ መጠየቅ አይችልም። ለጠበቆች የተወሰነ ልዩነት አለ፤ "ጠበቃ አለን" የሚሉትም ለዚህ ነው። ስሙን ተቀብላችሁ ፈቃዱን አጣሩ።

"ባንኩን አታናግሩ" ሲባል እሺ ማለት። አበዳሪው በአብዛኛው ክፍያው ከ120 ቀን በላይ ሳይዘገይ ፎርክሎዠር መጀመር አይችልም። አጭበርባሪዎቹ የሚፈልጉት ይህ ጊዜ በዝምታ እንዲያልቅባችሁ ነው።

ወርኃዊ ክፍያን ለሌላ ሰው መላክ። በፍጹም።

ሳያነቡ መፈረም። እዚህ ላይ ልቆጣ። አንዲት እናት ፎልደር ይዘው መጡ። "ክሬዲቴ (የብድር ታሪኬ) እስኪስተካከል ቤቱን ይይዙልኛል፤ ኪራይ እየከፈልኩ ቆይቼ መልሼ እገዛዋለሁ" አሉኝ። ወረቀቱን አገላበጥኩት። ከማመልከቻ ቅጾቹ መሃል ኩዊትክሌም ዲድ፣ ማለትም የቤት ባለቤትነትን ለሌላ ሰው የሚያስተላልፍ ሰነድ፣ ተሸጉጧል። ፊርማቸው አለ፣ የኖተሪ ማኅተምም አርፎበታል።

"ይሄን አንብበውታል?"

"በአማርኛ አስረድቶኛል። የአገር ልጅ ነው እኮ።"

በአማርኛ የተነገራቸው አንድም ነገር እንግሊዝኛው ላይ የለም! ቤቱ በሰውየው ስም ሆኗል። ዕዳው ግን አሁንም የእሳቸው ነው፤ ምክንያቱም ዲዱ ሌላ፣ የብድር ውሉ ሌላ ነው። የሚከፍሉት "ኪራይ" ባንክ አልደረሰም። ባንኩ ቤቱን ቢሸጥ ክሬዲታቸው ይበላሻል፤ ውጡ የሚባሉትም እሳቸው ናቸው። ይህን ዓይነት ወረቀት ስንቴ አየሁ! የአገር ልጅነት ደግ ነገር ነው፣ ዲድ ላይ ግን አይሠራም። ባዶ ቦታ ያለበት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። "ዛሬ ካልፈረምሽ ዕድሉ ያመልጥሻል" ካለ፣ ያምልጥ።

ለነፃ ምክር መክፈል። ሃድ (HUD፣ የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት) የፈቀደላቸው አማካሪዎች ፎርክሎዠርን ለመከላከል የሚሰጡት ምክር በነፃ ነው። ስልኩ 800-569-4287 ነው።

ፈርማችሁ ከሆነ በሀፍረት ቤት አትቀመጡ። የካውንቲው የንብረት መዝገብ ቤት ሄዳችሁ ቤቱ በማን ስም እንደሆነ ጠይቁ። ኮፒውን ይዛችሁ ወደ ጠበቃ ሂዱ፣ ለስቴቱ ዐቃቤ ሕግም አመልክቱ። ባንኩ ጋ ዛሬውኑ ደውሉ።