ሃርድዊክ ሆልን ስታዩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

በእንግሊዝ አገር፣ ደርቢሺር ውስጥ ኮረብታ ላይ የቆመውን ሃርድዊክ ሆል የተባለ ትልቅ የመኖሪያ ቤት ብዙ ሰው ከፊት ለፊቱ ፎቶ ያነሳና «መስኮቱ ሲበዛ!» ብሎ ይሄዳል። ያሳዝናል። ይሄ ቤት ጊዜ ሰጥቶ ለሚያየው ብዙ ነገር አለው።

የመጀመሪያው ስህተት፣ ውስጡም እንደ ውጩ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ከውጭ ግራና ቀኙ እኩል ነው፤ ውስጡ ግን እንደዚያ አይደለም። ለመልክ ሲባል ብቻ የተሠሩ፣ ከኋላቸው ግንብ ያለባቸው መስኮቶች አሉ። አንዳንዱ «የመስኮት ግብር (በመስኮት ብዛት የሚከፈል ግብር) ሽሽት ነው» ይላችኋል፣ እንዳትቀበሉ። ቤቱ የተሠራው ከ1590 እስከ 1597 እ.ኤ.አ. ሲሆን ግብሩ የመጣው በ1696 ነው፤ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ማለት ነው።

«ይሄ ሁሉ መስታወት ግንቡን አያዳክመውም?» ለሚል ሰው መልሱ ያለው ቤቱ መሃል ላይ ነው። ምድጃዎቹና የጭስ ማውጫዎቹ በአብዛኛው ወደ ውስጠኛው ወፍራም ግንብ ስለገቡ የውጩ ግድግዳ ለመስኮት ነፃ ሆነ። በዚያን ዘመን መስታወት እጅግ ውድ ስለነበር፣ እንዲህ አድርጎ መሥራት ሀብትን ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ማሳየት ነበር።

ምድር ላይ ያለውን አዳራሽ አይቶ መመለስም አለ። እባካችሁ ደረጃውን ውጡ! እዚህ ቤት ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ጣሪያው ከፍ እያለ ይሄዳል፣ ይህንንም ገና ከውጭ በመስኮቶቹ ቁመት ማወቅ ትችላላችሁ። የቤቱ ባለቤት የነበረችው የቤስ ኦፍ ሃርድዊክ የራሷ ክፍሎች መሃለኛው ፎቅ ላይ ሲሆኑ፣ የክብር እንግዳ የሚስተናገድበት ታላቅ ክፍልና 50 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ጋለሪ (ረጅም አዳራሽ) ያሉት ከሁሉም በላይ ነው። ረጅሙ የድንጋይ ደረጃ ራሱ የአቀባበሉ አካል ነው፤ ሳትቸኩሉ ውጡት።

ሌላው፣ ሥራውን ሁሉ ለአርክቴክቱ ለሮበርት ስማይዝሰን መስጠት ነው። ንድፉ የሱ እንደሆነ ይታመናል፣ ትልቅ ሰው ነበር። ግን ያሠራችው፣ ገንዘቡን ያወጣችውና ሒሳቡን የተቆጣጠረችው ቤስ ኦፍ ሃርድዊክ ናት። የስሟ መነሻ ፊደላት ማማዎቹ አናት ላይ በድንጋይ ተቀርጸው ቆመዋል።

አጠገቡ ያለውን ፍርስራሽ «ጥንታዊ ነው» ብሎ ማለፍ ግን ከሁሉም የባሰ ስህተት ነው። እሱንም ያሠራችው እሷው ናት። ሥራው የተጀመረው በ1587 ስለሆነ ሁለቱን የሚለያያቸው ጥቂት ዓመት ብቻ ነው፤ እንዲያውም አዲሱ ሲጀመር አሮጌው ገና አላለቀም ነበር። አሮጌው በየጊዜው እየተቀጠለ ስለተሠራ ያን የግራና ቀኝ እኩልነት አታገኙበትም። ታላላቆቹን ክፍሎች ላይኛው ፎቅ ላይ ማድረግ ግን እዚያም ነበር፣ ስለዚህ ከቻላችሁ መጀመሪያ እሱን እዩ።