«ኦፕን ነው» ተብሎ የተገዛ ስልክ፦ ሐዋሳ ላይ ሁልጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ከአቶቴ በባጃጅ መጡና በነጠላ የጠቀለሉትን ስልክ ከነካርቶኑ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸው ነው። «ኦፕን ነው ብላኛለች ልጄ፤ ግን በቪዲዮ ስትደውልልኝ ፊቷ ቀጥ ይልብኛል» አሉኝ። ሲሙን አውጥቼ ሌላ ከተትኩ፣ ኔትወርኩን በእጅ አስፈለግሁ፣ ሴቲንጉን አንድ በአንድ አየሁ። ስልኩ እውነትም ኦፕን ነው፤ ይደውላል፣ መልእክት ይቀበላል። ከኔትወርኩ ምልክት አጠገብ የሚወጣው ግን «ኢ» የሚለው የፈረንጅ ፊደል፣ ማለትም የዘገምተኛው 2ጂ ምልክት ብቻ ነው። እዚሁ ፒያሳ መሀል፣ የእኔ ርካሽ ቴክኖ 4ጂ ይዞ ሳለ። «ሶፍትዌር ብትጭንበት ይስተካከላል አይደል?» አሉኝ። አይስተካከልም። ይህን ለእሳቸው መናገር ስልኩን ከመጠገን ይልቅ ከበደኝ።

ሐዋሳ ውስጥ ሞባይል ስጠግን አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ስክሪን ቢሰበር እቀይራለሁ፣ ውኃ ቢገባበት ብዙውን ጊዜ አድነዋለሁ። ከመነሻው ለአገራችን ኔትወርክ ያልተሠራ ስልክ ሲመጣብኝ ግን የማደርገው የለኝም። ለዚህ ነው ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት እንድታነቡት የምጽፈው።

«ኦፕን» ማለት «ይሠራል» ማለት ነው ብሎ ማመን

ከሁሉም የሚብሰው ይህ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ።

ኦፕን መሆን የቁልፍ ጉዳይ ነው። ስልኩን መጀመሪያ የሸጠው የቴሌኮም ድርጅት «ከእኔ ሲም ሌላ አትቀበል» ብሎ ቆልፎት ነበር፤ አሁን ቁልፉ ተነሥቷል፤ ወይም ከመጀመሪያውም አልተቆለፈም። ቃሉ ከዚህ በላይ ምንም አይነግራችሁም። ስልኩ የእኛን ማማዎች ሞገድ ይሰማል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ፋብሪካ ውስጥ በተገጠመለት የሬዲዮ ክፍል ተወስኖ ያለቀ ነው። አጭር ሞገድ በሌለው ሬዲዮ የአጭር ሞገድ ጣቢያ መፈለግ ምን እንደሆነ አባቶቻችን ያውቁታል፤ መፈለጊያውን ቀኑን ሙሉ ብታዞሩት ጣቢያው አይመጣም። ስልክም እንደዚያው ነው። ዲኮድ ማድረግ ቁልፉን ይፈታ ይሆናል እንጂ የሌለ ሞገድ አይጨምርም። ፍላሽ ማድረግ፣ ማለትም ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ መጫንም አይጨምርም።

ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፏቸው። ኢትዮ ቴሌኮም 2ጂን በ900፣ 3ጂን በ2100፣ 4ጂን በ1800 ሜጋኸርትዝ ያሰራጫል። እነዚህ የሞገድ ክልሎች «ባንድ» ይባላሉ፤ በስልኩ መግለጫ ላይ የ3ጂው 2100 «ባንድ 1»፣ የ4ጂው 1800 ደግሞ «ባንድ 3» ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ግን 2ጂና 3ጂ የተዘረጉት በዋናነት በ850ና በ1900 ነበር፤ 4ጂያቸውም በብዛት በባንድ 2፣ 4፣ 12፣ 13፣ 66 እና 71 ይሄዳል። አወዳድሩት፤ ከእኛ ጋር የሚገጥም የለም።

ዋጋቸው ከፍ ያሉት ስልኮች የብዙ አገር ባንዶችን አንድ ላይ ስለሚይዙ እዚህም ያለችግር ይሠራሉ። ጣጣው ያለው እዚያ በቅድመ ክፍያ መስመር በቅናሽ፣ አንዳንዴም በነፃ በሚሰጡት ላይ ነው። አምራቹ ወጪ ለመቆጠብ ለዚያ አገር ኔትወርክ የሚያስፈልገውን ብቻ ይገጥምባቸዋል። ለእናትና ለአባት ተብሎ የሚላከው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይኸው ዓይነት ነው። ላኪው አይፈረድበትም፤ እዚያ ሲሞክረው እንደ ልብ ይሠራልና።

4ጂውን ብቻ አይቶ መወሰንም አይበቃም። 4ጂ ላይ በቀጥታ መደወል የማይችል ስልክ ጥሪ ሲመጣ ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርዳል። የ2100ውና የ900ው ሞገድ ከሌለው ኢንተርኔት እየሠራ «የደወሉላቸው ደንበኛ አይገኙም» የሚባልበት ስልክ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ስልክ አንድ ነጋዴ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው ሲያጣው ከርሞ፣ ደንበኞቹ ሱቁን የዘጋ መስሏቸው ነበር።

የሙያ ጓደኞቼ ይህን ሁሉ እያወቁ «ኦፕን ነው» ብለው ብቻ ሲሸጡ እናደዳለሁ። ገዢው ጆሮ ውስጥ የሚገባው «ይሠራል» የሚለው ነው፤ ሻጩም ይህን ያውቃል።

የስልኩን ስም አይቶ የሞዴል ቁጥሩን መተው

አንድ ስም ያላቸው ሁለት ስልኮች በውስጣቸው ሊለያዩ ይችላሉ። ሁሌ የማነሣው ምሳሌ በፈረንጆች 2012 የወጣው አይፎን 5 ነው። ኤ1428 የሚለው ሞዴል የያዛቸው የ4ጂ ባንዶች 4 እና 17 ብቻ ነበሩ፤ ኤ1429 ግን ባንድ 3 ነበረው። ቀለሙ አንድ፣ መጠኑ አንድ፣ ስሙ አንድ ነው። የመጀመሪያውን የገዛ ሰው እዚህ 3ጂ ላይ ቀረ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 4ጂ ሲጀምር፣ በኋላም ወደ እኛ ከተማ ሲመጣ፣ ያ ስልክ አላወቀውም።

አዲሶቹ አይፎኖች በዚህ በኩል አያስቸግሩም፤ ባንድ 3 በሁሉም ላይ አለ። ሳምሰንግ ላይ ግን አሁንም መጨረሻው ላይ ያለችውን ፊደል እዩ። «ዩ» ካለ ለአሜሪካ ቴሌኮም ድርጅቶች የተሠራ ነው፤ «ዩ1» እዚያው አሜሪካ ሳይቆለፍ የተሸጠ ነው፤ «ኤን» የኮሪያ ነው፤ «ቢ» ወይም «ኤፍ» አብዛኛውን ጊዜ ለአውሮፓ፣ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለአፍሪካ የተዘጋጀው ነው። ቁጥሩን ሴቲንግ ውስጥ «አባውት ፎን» ላይ ታገኙታላችሁ። ካርቶኑ ላይም አለ፤ ግን ካርቶን ይቀየራል፤ ከስልኩ ላይ አንብቡት። ከዚያ ሙሉውን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ፈልጉና ባንዶቹን ከጻፋችሁት ወረቀት ጋር አስተያዩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

በቺፕ የተከፈተን አይፎን ኦፕን ብሎ መግዛት

እዚህ ላይ እኔም ጥፋተኛ ነኝ።

ከሲሙ ጋር ተደርባ የምትገባ ወረቀት የመሰለች ቀጭን ቺፕ አለች። ስልኩ የተቆለፈ እንደሆነ ይቆያል፤ ቺፗ ግን የገባው ሲም የዚያው አገር ድርጅት እንደሆነ አድርጋ ታታልለዋለች። የዛሬ ሰባት ስምንት ዓመት ገደማ እንዲህ ያሉ ስልኮች እሸጥ ነበር። ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ምንም አይልህም» ብዬ ሸጥኩለት። ክረምቱን ሙሉ ሠርቶ ያጠራቀመው ገንዘብ ነበር። ሦስት ሳምንት እንደቆየ ስልኩ አፕዴት አደረገና ቺፗን አላውቃትም አለ። ኔትወርክ ጠፋ። ልጁ ሱቄ መጥቶ አልጮኸም፤ ስልኩን አስቀምጦ ዝም ብሎ ቆመ። ገንዘቡን በሁለት ጊዜ ከፍዬ መለስኩለት፤ ፈተና ሰሞን ያለ ስልክ የከረመበትን ግን መመለስ አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ አንድም አልሸጥኩም።

ማጣራቱ ቀላል ነው። ሴቲንግ፣ ከዚያ ጀነራል፣ ከዚያ አባውት ግቡና ወደ ታች ውረዱ። «ካሪየር ሎክ» ከሚለው ጎን «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» የሚል ካለ በእርግጥ ኦፕን ነው። ሌላ ነገር ከተጻፈ ሻጩ ምንም ቢምል ተቆልፏል። የሲም ማስቀመጫውንም ራሳችሁ አውጡትና ከሲሙ ጋር የተደረበ ነገር እንዳለ እዩ።

አይፎኑን ከባለቤቱ የአፕል መለያ ጋር የሚያስረው የአይክላውድ ቁልፍ ደግሞ ሌላ ነው፤ የቀድሞው ባለቤት መለያ ካልወጣበት ዲኮድም አይፈታውም፣ አትግዙት።

ሱቁ ዋይፋይ ላይ መሞከር

ሻጩ ዩቲዩብ ይከፍትላችኋል፣ ቪዲዮው ጥርት ብሎ ይሄዳል፣ እናንተም ትደሰታላችሁ። የተሞከረው ግን የሱቁ ዋይፋይ ነው። ዋይፋዩን አስጠፉትና የራሳችሁን ሲም ክተቱ። ዳታ ከፍታችሁ ምን ፊደል እንደሚወጣ እዩ፤ ደውሉ፤ ሌላ ሰውም ይደውልላችሁ። 4ጂ ካልያዘ ኔትወርኩ ተጨናንቆ ነው ይሏችሁ ይሆናል። ያኔ የራሳችሁን የቆየ ስልክ አውጥታችሁ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሲም ሞክሩ። የእናንተ ከያዘ ጥፋቱ የኔትወርኩ አይደለም። ይህን ስታደርጉ ፊቱን የሚያጠቁር ሻጭ ካለ ተዉት፤ ከመናኸሪያ እስከ አረብ ሰፈር የሞባይል ቤት ሞልቷል።

ስልኩን ወቅሶ ሲሙን መርሳት

ጥሩ ስልክ ገዝተው «4ጂ አይዝም» ብለው ከሚመጡልኝ ብዙዎቹ የያዙት ከ4ጂ በፊት የወጣ፣ በመቀስ የተቆረጠ አሮጌ ሲም ነው። ቁጥራችሁን ሳትለቁ በአዲስ ሲም አስቀይሩት። ሲሙ ተቀይሮ ዳታው እንቢ ካለ ከውጭ በመጣ ስልክ ላይ ኤፒኤኑ፣ ማለትም ስልኩ በየት በኩል ወደ ኢንተርኔት እንደሚገባ የሚነግረው ሴቲንግ፣ ሳይሞላ ቀርቶ ይሆናል፤ አገልግሎት ማዕከሉ በደቂቃ ውስጥ ያስተካክለዋል።

ሁለተኛዋን ሲም አለማሰብ

ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ የከተማችን ሰው ብዙው 09ኙንም 07ቱንም ይዞ ነው የሚሄደው። ከአሜሪካ የሚመጡ ስልኮች ግን ብዙዎቹ ማስቀመጫቸው አንድ ሲም ብቻ ነው የሚይዘው። ሁለት የሚይዙትም ቢሆኑ አንዳንዶቹ ሁለተኛውን ቦታ ለሚሞሪ ካርድ አጋርተውታል፤ በቆዩት ላይ ደግሞ ሁለተኛው ቦታ 2ጂ ብቻ ነው። ሁለቱንም ሲም ይዛችሁ ሂዱ፣ ቦታ እያቀያየራችሁ ሞክሯቸው።

የሳምሰንግ ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ ማለፍ

አንዳንድ አዲስ ሳምሰንግ በተሸጠበት ክልል ሲም መጀመሪያ መደወል አለበት። ካርቶኑ ላይ ተለጥፎ ይመጣል። ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ እሽጉ ሳይፈታ የሚላክላችሁ ከሆነ፣ ላኪው እዚያው ባለው ሲም በድምሩ አምስት ደቂቃ ያህል ደውሎበት ይላከው። እሽግ ስልክ ደስ ይላል፤ እዚህ ደርሶ ሲማችንን እንቢ ሲል ግን ደስታው አይቆይም።

ለ5ጂ ብሎ ዋጋ መጨመር

ባንድ 3 የሌለው 5ጂ ስልክ ባንድ 3 ካለው 4ጂ ስልክ ለእናንተ ያንሳል።

ስልኩ አገር ከገባ በኋላ መጠየቅ

የአቶቴዋን እናት ሳስብ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ስልኩ ገና ልጃቸው እጅ ሳለ አንድ መልእክት ቢላላኩ ኖሮ መቀየር ይቻል ነበር። አሁን ቤት ባለ ዋይፋይ ላይ ብቻ ይጠቀሙበታል፤ ከቤት ሲወጡ የድሮዋን ስልካቸውን ይይዛሉ።

የተቆለፈም ቢሆን እንዲሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ በየወሩ ክፍያ የተገዛ ስልክ ዕዳው ካለቀ የሸጠው ድርጅት ራሱ ይከፍተዋል። ጥያቄውን የሚያቀርበው ግን የመስመሩ ባለቤት ነው፤ እኔ ከፒያሳ ሆኜ ልጠይቅለት አልችልም። ዕዳው ሳያልቅ የተላከ ከሆነ ደግሞ ማን ይከፍለዋል? ካናዳ ያለ ዘመድ ካላችሁ እፎይ በሉ፤ እዚያ ከዲሴምበር 2017 ጀምሮ አዲስ ስልክ ተቆልፎ አይሸጥም። እንግሊዝም ከዲሴምበር 2021 ወዲህ እንደዚያው ነው። ከዚያ በፊት ለተሸጠ አሮጌ ስልክ ግን ይህ አይሠራም፤ መጠየቅ አለባችሁ።

አሁን አሁን ደግሞ አዲስ ጣጣ መጥቷል። ከአይፎን 14 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩት አይፎኖች የሲም ማስገቢያ የላቸውም፤ በኢሲም፣ ማለትም ካርድ በማይፈልግ ስልኩ ውስጥ በተገጠመ ሲም ብቻ ነው የሚሠሩት። በ2025 የወጣው አይፎን 17 ደግሞ ለሳዑዲ፣ ለኤምሬትስ፣ ለኩዌት፣ ለኳታር፣ ለባህሬንና ለኦማን የሚሸጠውም እንደዚያው ነው። ከዐረብ አገር የሚመጣ ስልክ ሁሌም ያለችግር ሲም ይቀበላል ብላችሁ የለመዳችሁ ተጠንቀቁ። ለእንዲህ ያለው ስልክ የምትጠቀሙበት ድርጅት ኢሲም ይሰጣችሁ እንደሆነ፣ የት ቢሮ እንደሚሠራና ስልክ ስትቀይሩ እንዴት እንደሚዛወር፣ ስልኩ ከመገዛቱ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ።

ለደንበኞቼ አሁን የምላቸው አንድ ነገር ነው። ዘመዳችሁ ስልኩን ሳይልከው *#06# ይደውልበትና የሚወጣውን አሥራ አምስት አሃዝ፣ ሴቲንግ ውስጥ ያለውን የሞዴል ቁጥር፣ አይፎን ከሆነ ደግሞ «ካሪየር ሎክ» የሚለውን መስመር ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይላክላችሁ። አሥራ አምስቱን አሃዝ ስልኩ እጃችሁ ሲገባ እንደገና አስወጡትና አመሳክሩት፤ በመንገድ ላይ የተቀየረ ስልክ አጋጥሞኛል። የቀሩትን ፎቶዎች ወደ እኔ ይዛችሁ ኑ። ይህን ለማየት ገንዘብ አልቀበልም።