ቃል የሚገባው አንድ ክፍል፣ ዋጋ የሚቆርጠው ሌላ ክፍል

የኩባንያዎችን የሰብዓዊ መብት ፖሊሲ ሳነብ፣ አቅራቢ ፋብሪካዎቻቸውን ስፈትሽ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ስህተቶቹ ያው ናቸው፤ የሚለወጠው የሽፋኑ ፎቶ ነው።

ግዢ ክፍሉን ሳይዙ ቃል መግባት። ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው። ሕግ ክፍሉ «አቅራቢዎቻችን ሠራተኛ በሳምንት ከ60 ሰዓት በላይ አያሠሩም» ብሎ ይጽፋል። ግዢ ክፍሉ በዚያው ሳምንት ዋጋ ያስቀንሳል፣ የማስረከቢያ ቀን ያሳጥራል፣ ቀለም ይቀይራል፤ ለዘገየ ደግሞ ቅጣት አለው። ፋብሪካው ምን ያድርግ? ሌሊቱን ያሠራና ሁለት የሰዓት መዝገብ ይይዛል፤ አንዱ ለደመወዝ፣ አንዱ ለእኛ። አንድ ቦታ መዝገቡ እሁድ ማንም አልሠራም ይላል። የጥራት ቁጥጥሩን ደብተር ስገልጥ በዚያው እሁድ የተፈተሸ ልብስ ተመዝግቧል። ሥራ አስኪያጁን ብጠይቃቸው ስልካቸውን አውጥተው ከገዢው የመጣ መልእክት አሳዩኝ፦ «ሰኞ ካልተጫነ በራስዎ ወጪ በአውሮፕላን ይልካሉ።» ላኪው ደንቡን ያስፈረማቸው ያው ኩባንያ ነው። ሪፖርቱ ላይ ግን ጥፋተኛው ፋብሪካው ብቻ ሆነ። የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

በ2011 እ.ኤ.አ. የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የንግድና የሰብዓዊ መብት መሪ መርሆዎች ይህን አልዘለሉትም። መርህ 16 ፖሊሲው በአመራሩ መጽደቁ አይበቃውም፤ በዕለት ተዕለት አሠራሩም እንዲታይ ይጠይቃል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ያነባል።

ምስክር ወረቀትን እንደ ደኅንነት መቁጠር። ፓኪስታን፣ ካራቺ የነበረው የልብስ ፋብሪካ አሊ ኢንተርፕራይዝስ በ2012 እ.ኤ.አ. ሲቃጠል ከ250 በላይ ሰው ሞተ። መስኮቶቹ በብረት ፍርግርግ የታጠሩ ነበሩ። ኤስኤ 8000 የሚባለውን የሥራ ሁኔታ ምስክር ወረቀት ካገኘ ሳምንታት ብቻ ሆኖት ነበር።

የመደራጀት መብትን በአንድ መስመር ማለፍ። ጀማሪዎች ስለ ሕፃናት ጉልበት ሁለት ገጽ ይጽፉና ሠራተኛ ማኅበር ላይ ሲደርሱ «ሕጉ በሚፈቅደው መሠረት» ብለው ይሸሻሉ። ባንግላዴሽ ውስጥ የተደረመሰውን ራና ፕላዛን አስቡት። በ2013 እ.ኤ.አ. ከ1,100 በላይ ሰው የሞተበት ሕንፃ ውስጥ ኦዲት የተደረጉ ፋብሪካዎች ነበሩ። ስንጥቁን ግን ሠራተኞቹ በዋዜማው በዓይናቸው አይተውታል። ግቡ ተባሉ፤ ገቡ። «አንገባም» ብሎ የሚቆምላቸው ማኅበር አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላ በገዢ ኩባንያዎችና በሠራተኛ ማኅበራት መካከል የተፈረመው የባንግላዴሽ የፋብሪካ ደኅንነት ስምምነት ሠራተኛው አደገኛ ሥራን እምቢ የማለት መብት እንዳለው በግልጽ አስቀመጠ።

የቅሬታ ሳጥን በሥራ አስኪያጁ በር ላይ፣ ካሜራ ሥር መስቀል። አንዱን ከፍቼ ያገኘሁት የከረሜላ ልጣጭ ነው።

ስደተኛ ሠራተኛን ፓስፖርቱን ብቻ መጠየቅ። ፓስፖርቱ ኪሱ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ለደላላ የከፈለው ብድር ካላለቀ ግን የትም አይሄድም። «ለመቀጠር ስንት ከፈልክ? ከማን ተበደርክ?» በሉት፤ በተለይ አለቃው በሌለበት።

ችግር ሲገኝ ውል ማቋረጥ። ቁርጠኝነት ይመስላል፣ ርካሽም ነው። የእሁዱ ፋብሪካ የገጠመው ይህ ነው፦ ገዢው ጥሎት ሄደ። በዓመቱ በሌላ ገዢ ስም ተመልሼ ሄድኩ። መጀመሪያ የጠየቅኩት የጥራት ቁጥጥሩን ደብተር ነው። እሱም አሁን እሁድ የለውም።