ጅማ ላይ «ንጹህ ጀርመን ነው» ሲሏችሁ እንዴት ታጣራላችሁ?

ከጅማ ሰፈሮች ፈረንጅ አራዳም ሂዱ አጂፕ፣ ቡችላ የሚሸጥ ሰው መልሱ አንድ ነው፦ «ወንድሜ፣ ንጹህ ጀርመን ነው!» ቡና መጋዘን ያላቸው ጓደኞቼ ውሻ ሊገዙ ሲያስቡ እኔን ይዘው ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ ቡችላውን ከማየቴ በፊት «እናቱ የት አለች?» እላለሁ።

ነገሩ ከዝርያው፣ ማለትም ከጀርመን እረኛ ውሻ (ጀርመን ሼፐርድ) ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ የሚባል የፈረሰኛ ጦር መኮንን እ.ኤ.አ. በ1899 ካርልስሩኸ ላይ በተደረገ የውሻ ትርኢት ሄክቶር የሚባል የእረኛ ውሻ አየ። ወደደው፣ ገዛው፣ ስሙንም ሆራንድ ፎን ግራፍራት ብሎ ቀየረው። ወሩ ሳያልቅ የጀርመን እረኛ ውሾች ማኅበር ተመሠረተ። ሆራንድ የማኅበሩ የዝርያ መዝገብ ላይ ቁጥር 1 ሆኖ ሰፈረ። ንጹህ ማለት እንግዲህ ወላጆቹ የተመዘገቡ ማለት ነው። እኛ ጋ መዝገብ የሚያሳይ ሻጭ ብርቅ ስለሆነ፣ ያላችሁ ማስረጃ እናትና አባቱ ናቸው።

ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ። ከመሬት እስከ ትከሻ ሴቷ ከ55 እስከ 60፣ ወንዱ ከ60 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር ነው። የእናትየዋ ጅራት ቁልቁል ወርዶ ጫፉ ላይ በትንሹ ይጎብጣል። ጀርባዋ ላይ ከተጠቀለለ የሐበሻ ደም መኖሩን ጠርጥሩ። (ቢኖርስ? መጋዘን ለመጠበቅ ድቅሉም ይበቃል፤ ብቻ በንጹህ ዋጋ አትግዙት።) ጸጉሯን በጣት ገለጥ አድርጉት። ከሻካራው ሥር ሌላ ለስላሳ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር መኖር አለበት። ከዚያ አስራምዷት፤ ይህ ዝርያ በዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ይታወቃል።

የቡችላው ጆሮ ወድቋል ብላችሁ አትከራከሩ። አብዛኛውን ጊዜ ጥርስ ቀይሮ እስኪጨርስ ይቆማል።

ዋናው ጠባዩ ነው። የእነዚህ ውሾች አያቶች ሥራ በጎቹ ማሳ ውስጥ እንዳይገቡ ድንበሩ ላይ ቀኑን ሙሉ መመላለስ ነበር። አጥር በሌለበት አጥር ሆነው ይውላሉ። እንዲህ ያለውን ውሻ አጭር ሰንሰለት ላይ ማሰር ግፍ ነው። «ጨለማ ክፍል ዝጋበት፣ ቁጡ ይሆናል» የሚሉ ሰዎችም አሉ። የሚወጣው ግን ፈሪ ውሻ ነው፤ ፈሪ ውሻ ደግሞ ሌባውን ትቶ የጎረቤት ልጅ ይነክሳል። ቡችላው አጠገብ ቁልፍ ጣሉ። ደንገጥ ብሎ ተመልሶ ካሸተተው ጥሩ ነው። ጥግ ይዞ ከቀረ ተዉት።

ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አትለዩት። ከመክፈላችሁ በፊት የእንስሳት ሐኪም ይየው። ጂማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና በሚያስተምርበት ከተማ «ሐኪም ጠፋ» አይባልም። የእብድ ውሻ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጠዋል። ዋጋ የምትነጋገሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ደላላ ከገባበት ኮሚሽኑን ከሻጩ ይቀበል።