ያገለገለ ማሲንቆ ወይም ክራር በቴሌግራም ሲገዙና ሲሸጡ

ጎንደር ሆነው ያገለገለ መሣሪያ በቴሌግራም ሲያዩ ፎቶ አይበቃዎትም። ሻጩ የዕለቱን ቀን በቃሉ ተናግሮ፣ መሣሪያውን ቃኝቶ ሲጫወት የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ይጠይቁ። ከሌላ ሰው የወሰደውን ፎቶ የለጠፈ ሻጭ እዚህ ላይ ሰበብ ያበዛል።

ማሲንቆ ላይ ዋናው ቆዳው ነው። በጣት መታ ሲያደርጉት ድምፁ ከታፈነ ላልቷል፣ ወይም ከጠርዙ ተላቋል። በክረምት እርጥበት መላላቱ ያለ ነው፤ ፀሐይ ነክቶት ከተወጠረ ችግር የለውም። አንገቱ ወደ ሳጥኑ የሚገባበትን ቦታ ግን በስልክ መብራት ይዩት፤ ሙጫ የተቀባ ስንጥቅ የሚደበቀው እዚያ ነው። የፈረስ ጭራው ቢሳሳ አያስጨንቅም፣ ይቀየራል። ክራር ከሆነ ክሮቹን ሁሉ ቃኝተው ሩብ ሰዓት ይተዉት። ቅኝቱ ቶሎ ከወረደ መወጠሪያው እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል (አዲስ ክር ከሆነ ግን መሳቡ አይቀርም፣ ሻጩን አይውቀሱ)።

ሻጭ ከሆኑ ጉድለቱን ራስዎ ይጻፉት፦ «ቆዳው በ2015 ተቀይሯል፤ ደጋኑ ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል።» ዋጋው ትንሽ ይወርዳል እንጂ ፒያሳ ድረስ መጥቶ የሚጨቃጨቅ ገዢ አይኖርም።

ሳያዩ ቀብድ አይላኩ። በቴሌብር ሲቀበሉም የደረሰዎትን መልእክት ወይም ስክሪንሾት ሳይሆን ቀሪ ሂሳብዎን ከፍተው ይዩ፤ ሐሰተኛ መልእክት መሥራት ቀላል ነው።

የቤተ ክርስቲያን ስም የተጻፈበት አሮጌ ጸናጽል ወይም ከበሮ ከቀረበልዎት ከየት እንደመጣ ከደብሩ ሳያጣሩ አይግዙ።