ፒያኖን በኮምፒውተር ፕሮግራም መጀመር፦ ለድሬና ለሐረር ጎልማሳ ጀማሪዎች

የፒያኖ ማስተማሪያ ፕሮግራም ስለ አጨዋወትዎ የሚደርሰው ወሬ ጥቂት ነው። ኪቦርዱ በገመድ የሚልክለት የትኛው ቁልፍ፣ መቼና በምን ያህል ጉልበት እንደተነካ ብቻ ነው፤ ያውም በቁጥር። መካከለኛው ዶ 60 ነው፣ ጉልበቱ ከ1 እስከ 127 ይለካል። ትከሻዎ መሰቀሉን፣ አንጓዎ መዝቀጡን፣ በሦስተኛ ጣት መነካት የነበረበትን በሁለተኛው መንካትዎን አያውቅም። በተሳሳተ ጣት ትክክለኛውን ቁልፍ ቢነኩም «ጎበዝ» ይልዎታል። ብዙ ጎልማሳ ጀማሪ ከሦስት ወር በኋላ ባለበት የሚረግጠው በዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ ኖታውንና ሰዓቱን ፕሮግራሙ ይቆጣጠር፤ እጁንና የድምፁን ጥራት እርስዎ ይያዙ።

ኪቦርድ ሲመርጡ

ሙሉ ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት፤ 52 ነጭ፣ 36 ጥቁር። ለመጀመሪያው ዓመት 61 ይበቃል። 49ና ከዚያ በታች ያላቸው በአብዛኛው ለሙዚቃ ቅንብር የሚመቹ ናቸው፤ ግራ እጅ ሲጨመር ቦታ ያልቃል። ከቁልፉ ብዛት በላይ ግን ሌላ ነገር ይዩ፦ ቁልፉ በቀስታ ሲነካ ለስለስ ያለ፣ በኃይል ሲመታ ጮክ ያለ ድምፅ መስጠት አለበት። ይህ የሌለው ኪቦርድ ሁሉንም ኖታ እኩል ያስጮኸዋል፤ ጣትም ልዩነት ሳይለምድ ይቀራል። ከዚያ ጀርባውን ያዙሩና የፕሪንተር ገመድ የሚገባበትን ዓይነት አራት ማዕዘን የዩኤስቢ ቀዳዳ ይፈልጉ። ጠፍጣፋው ቀዳዳ የፍላሽ ነው፤ ከኮምፒውተር አያገናኝም።

ድሬ ታይዋን ገበያ ወይም ከሰው እጅ ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ የፕሪንተር ገመድና ላፕቶፕ ይዘው ይሂዱ። ሻጩ የሚያጫውትልዎትን ዴሞ አይመኑ፤ ዴሞው ከመሣሪያው ሆድ የሚወጣ ስለሆነ ስለ ቁልፎቹ የሚነግርዎት ነገር የለም። ከግራ ጫፍ ጀምረው 61ዱንም አንድ በአንድ፣ መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ በኃይል ይንኩ። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር በላስቲክ ላይ የተሠሩ ሁለት መገናኛዎች አሉ፤ ኪቦርዱ የምቱን ጉልበት የሚያውቀው አንደኛው ከነካ በኋላ ሁለተኛው እስኪነካ ያለችውን ቅጽበት ለክቶ ነው። ከሁለቱ አንዱ አቧራ ከያዘ ያ ቁልፍ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ይጮኻል። በድሬ አቧራ ይህ የሚጠበቅ ብልሽት ነው። ሁለት ሦስት ቁልፎች እንዲህ ቢሆኑ ባለሙያ ፈትቶ ሊያጸዳቸው ይችላል፤ ግማሹ እንዲህ ከሆነ ግን አይግዙት። ቤት ሲገባም ካልተጫወቱበት ጊዜ ሁሉ በነጠላ ወይም በአንሶላ ይሸፍኑት።

አዳፕተሩ ጠፍቶ በሌላ ከተተካ በኪቦርዱ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቮልትና የፕላስና የማይነስ ሥዕሉን ከአዳፕተሩ ጋር ያስተያዩ። የአንዳንዱ መሐሉ ፕላስ ነው፣ የሌላው ማይነስ፤ ተገላቢጦሽ ከሰኩት መሣሪያውን ሊያቃጥለው ይችላል። በባትሪ ድንጋይም የሚሠራ ካገኙ መብራት ሲጠፋ ልምምድዎ አይቋረጥም።

ማገናኘትና የድምፅ መዘግየት

ሁለት ነፃ ፕሮግራሞች ይበቃሉ፦ ፒያኖ ቡስተርና ሚዩዝስኮር። አንዴ ከተጫኑ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሚዩዝስኮር ኖታ መጻፊያ ነው። ፒያኖ ቡስተር ደግሞ የሚዲ ፋይል (ድምፅ ሳይሆን ኖታዎቹን በቁጥር የያዘ ፋይል) ከፍቶ ኖታውን በአምስቱ መስመር ላይ እያሳየ የሚጫወቱትን ይከታተላል። ሲንቴዥያም ታዋቂ ነው፤ እሱ ከላይ የሚወርዱ ባለ ቀለም ዘንጎችን ያሳያል። ስለ እሱ ወረድ ብለን እንመለሳለን።

መጀመሪያ ኪቦርዱን ሰክተው ያብሩ፤ ፕሮግራሙን ከዚያ በኋላ ይክፈቱ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ፕሮግራሙ ኪቦርዱን ላያየው ይችላል። በሚዲ ቅንብሩ ውስጥ ለግቤትም ለውጤትም የኪቦርድዎን ስም ይምረጡ። ውጤቱ ላይ የዊንዶውስን የራሱን ድምፅ ከመረጡ ጣትዎ ከነካ በኋላ ድምፁ ጆሮ በሚለየው ያህል ዘግይቶ ይመጣል፤ እጅዎም ሳይታወቅዎት መቸኮል ይለምዳል። ድምፁ ከኪቦርዱ ከራሱ ሲወጣ ግን መዘግየት የለም።

የራሱ ድምፅ የሌለው፣ በዩኤስቢ ብቻ የሚሠራ ኪቦርድ ከሆነ ድምፁን ኮምፒውተሩ መሥራቱ ግድ ነው። በዊንዶውስ ኤሲዮ ፎር ኦል የሚባለውን ነፃ ድራይቨር ይጫኑና፣ የድምፅ ፕሮግራሙ ኤሲዮን (ይህ ድራይቨር የሚከፍተውን ፈጣን የድምፅ መንገድ) የሚቀበል ከሆነ፣ በፈሩን፣ ማለትም ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀመውን የናሙና ብዛት፣ 256 ላይ ያድርጉት። በ44,100 ናሙና በሰከንድ ይህ ወደ 6 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ድምፁ ከተንጫጫ ወደ 512 ከፍ ያድርጉት። ብሉቱዝ ሄድፎን ግን በምንም መንገድ አይጠቀሙ፤ መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል። ባለ ገመድ ይሁን፤ ብዙው ኪቦርድ ወፍራሙን ጃክ ስለሚፈልግ መቀየሪያዋን አብረው ይግዙ። በጋራ ግቢ ለሚኖርም፣ ቀትር ላይ ሰው ሲያርፍ፣ ሄድፎን ያለው ከጎረቤት አይቀያየምም።

አንድ ቁልፍ ሲነኩ ሁለት ድምፅ ከሰሙ ኪቦርዱም ኮምፒውተሩም እየጮኹ ነው። አንዱን ዝም ያሰኙ።

መጅሊስ ላይ ተቀምጦ አይሆንም

ሐረር ነደባ ላይ፣ ድሬ መጅሊስ ላይ መቀመጥ ለጨዋታ ደስ ይላል፤ ለፒያኖ ግን እጅ ይሰብራል። ኪቦርዱ ጭን ላይ ወይም በቡና ጠረጴዛ ላይ ሲሆን አንጓ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ በሳምንታት ውስጥ ከአንጓ እስከ ክርን መወጠር ይጀምራል። የነጩ ቁልፍ ገጽ ከወለሉ 72 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይሁን፤ ወንበሩ ከ45 እስከ 50። መለኪያው ግን ሜትር ሳይሆን ክርንዎ ነው፦ ክንድዎን ሲዘረጉ ከክርን እስከ አንጓ ከወለሉ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ወንበሩ ካጠረ ጋቢ አጥፈው ይቀመጡበት። ጣቶች ብርቱካን እንደያዙ ክብ ይሁኑ፣ የመጨረሻዋ የጣት መገጣጠሚያ ወደ ውስጥ አትሰበር። በሳምንት አንድ ቀን ስልክዎን ከጎን አቁመው እጅዎን አንድ ደቂቃ ይቅረጹ። ፕሮግራሙ የማያየውን የሚያዩት እዚያ ነው። ሕመም ከተሰማዎት የዚያን ቀን ያቁሙ፤ በሕመም ላይ መደጋገም ጉዳቱን ያባብሳል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በትዝታ

አብዛኛው ፕሮግራም በፈረንጅ የልጆች ዜማ ይጀምራል። ጆሮዎ በማያውቀው ዜማ ስሕተትዎን አይሰማም። በሚያውቀው ቅኝት ይጀምሩ፤ ለዚያም ፒያኖ ራሱ የተዘጋጀ ይመስላል። ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት እየሆኑ ተደርድረዋል። ከሦስቱ የመጀመሪያውን መነሻ አድርገው በጥቁሮቹ ላይ ብቻ ወደ ቀኝ አምስት ይሂዱ፤ የሚሰሙት ትዝታ ሜጀር ነው። ከሁለቱ ሁለተኛውን መነሻ ቢያደርጉ ደግሞ ባቲ ማይነር ይመጣል። አምባሰልና አንቺ ሆዬ በዚህ መንገድ አይገኙም። የማሲንቆና የክራር ድምፅም ከፒያኖው ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ከካሴት ጋር ሲያስተያዩ ትንሽ ቢጎረብጥዎት ጆሮዎን አይጠራጠሩ።

ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ነጮቹ ይውረዱ። ትዝታ ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ጣቶች ከአውራ ጣት ጀምሮ 1 እስከ 5 ይቆጠራሉ፣ በሁለቱም እጅ። ቀኝ እጅ ዶ በ1፣ ሬ በ2፣ ሚ በ3 ይነካል፤ ከዚያ አውራ ጣት ከሦስተኛው ሥር ሾልኮ ሶልን በ1 ይይዛል፣ ላ በ2፣ የላይኛው ዶ በ3። ሲመለሱ ያው በግልባጩ። ግራ እጅ ከታች ወደ ላይ ዶ በ3፣ ሬ በ2፣ ሚ በ1፣ ከዚያ ሦስተኛው ጣት በአውራ ጣት ላይ ተሻግሮ ሶልን ይይዛል፣ ላ በ2፣ ዶ በ1። አስቸጋሪው ቦታ ሚና ሶል መካከል ነው። አውራ ጣት ሚ እየጮኸ ሳለ አስቀድሞ መንቀሳቀስ አለበት፤ ከዘገየ ክርን ወደ ውጭ ተወርውሮ ያሟላዋል፣ ሶልም ከሌሎቹ ይልቅ ይጮኻል። ያቺን ሶል ይስሟት፤ ከጎረቤቶቿ ጋር እኩል ስትሆን ማለፊያው ተሳክቷል።

መልመጃውን ራስዎ ይጻፉ

ሚዩዝስኮርን ከፍተው አዲስ ገጽ በፒያኖ ይጀምሩ፤ ምቱን ስምንተኛዎች በስድስት ያድርጉት፣ ማለትም 6/8። ጭፈራ የምንረግጥበት ጭክጭካ በዚህ ምት ነው፤ በአራት የሚቆጥር ፕሮግራም ላይ ከተለማመዱት ይጣመምብዎታል። ኤን የምትለዋን ፊደል ሲጫኑ መጻፍ ይጀምራል፤ 4 ቁጥር ስምንተኛ፣ 5 ቁጥር ሩብ ኖታ ነው። ቀጥሎ ኖታውን በላቲን ፊደል ስሙ ይተይባሉ። እዚህ ላይ የእኛን ሰው የሚያሳስት ወጥመድ አለ። በፊደል አጠራር «ሲ» ማለት ዶ ነው፤ በዶ ሬ ሚ አጠራር ደግሞ «ሲ» ሰባተኛዋ ናት፣ በፊደል «ቢ» የምትባለው። ከቪዲዮ እየተማሩ አንዱ «ሲ» ሲል የትኛውን አጠራር እንደያዘ ሳያረጋግጡ ቁልፍ አይንኩ። አንዱን መርጠው ይጽኑበት።

አራት ባር (በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል ያለው አንድ የምት ዙር ባር ይባላል) ትዝታ ለቀኝ እጅ ይጻፉ፣ ጣቶቹን በቁጥር ያስገቡ፣ በሚዲ ዓይነት ኤክስፖርት አድርገው በፒያኖ ቡስተር ይክፈቱ። ለሁለት እጅ ሲጽፉ በአንድ ፒያኖ ሁለት መስመር ፋንታ ሁለት የፒያኖ መሣሪያ ይጨምሩና ቀኙን በአንዱ፣ ግራውን በሌላው ይጻፉ፤ አለዚያ ፕሮግራሙ እጆቹን መለየት ሊያቅተው ይችላል።

የሚጠብቅዎት ፕሮግራም ያዘገይዎታል

ፒያኖ ቡስተር ትክክለኛውን ቁልፍ እስኪነኩ ቆሞ የሚጠብቅበት አሠራር አለው። ሲንቴዥያም አለው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ጎጂ ነው፤ አራት ሰከንድ አስበው ትክክለኛውን ቢነኩም ስሕተት አይልዎትምና፣ መቆም የዜማው አካል ሆኖ ይለመዳል። ከአራተኛው ዙር ጀምሮ አብሮ በሚጫወትበት አሠራር፣ ፍጥነቱን ወደ 50 በመቶ አውርደው፣ ሳያቆሙ ይለፉ። ሲስቱ አይመለሱ፤ የሚቀጥለውን ባር ይያዙ። ሦስት ጊዜ ተከታታይ ያለ ስሕተት ሲያልፍ 5 በመቶ ይጨምሩ። ሁለት ጊዜ ከወደቀ 10 ይቀንሱ።

ሁልጊዜ ከመጀመሪያው መጀመር ሌላው ችግር ነው። መግቢያው ይሳላል፣ መሐሉ ዱልዱም ይቀራል። ሁለት ባር ብቻ ቆርጠው ይደጋግሙ፤ ግን ቁራጩ በሁለተኛው ባር መጨረሻ ሳይሆን በሦስተኛው ባር የመጀመሪያ ኖታ ላይ ይለቅ። አለዚያ በየባሩ ድንበር ላይ ስፌቱ ይታያል።

ወደ ሚወርዱት ዘንጎች እንመለስ። ዘፈን በፍጥነት ያስጨብጣሉ፤ ዓይን ግን ኖታ ሳይሆን ቦታ ይለምዳል። ሁለት ሳምንት ይደሰቱባቸው፣ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ግን በአምስቱ መስመር ይተኳቸው። በቀን አምስት ደቂቃ ከዚህ በፊት ያላዩትን አራት ባር ማንበብ ይበቃል።

ሰዓትና ሙቀት

በቀን 25 ደቂቃ፣ በሳምንት ስድስት ቀን። ቅዳሜ ላይ ሦስት ሰዓት መቆለል ጣትን ያደክማል እንጂ አያስተምርም። ድሬ ላይ ምርጡ ጊዜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ ቀትር ላይ ጣት ያልበዋል፣ ቁልፉም ይንሸራተታል፣ ላፕቶፑም ሲግል ፍጥነቱን ቀንሶ ድምፁን ያንጫጫል። ሐረር ወይና ደጋ ስለሆነ ሰዓቱ እንደ ልብ ነው፤ በማለዳ ግን እጅ ይቀዘቅዛልና በሞቀ ውኃ ታጥበው ይቀመጡ። 5 ደቂቃ ቅኝት፣ 12 ደቂቃ ሁለት ባር፣ 5 ደቂቃ ንባብ፣ 3 ደቂቃ የሚወዱትን። ሁለቱን እጅ የሚያጋጥሙት እያንዳንዱ ለብቻው በ80 በመቶ ፍጥነት ካለፈ በኋላ ነው፤ ሲያጋጥሙም ወደ 40 ይውረዱ።

ከልምምድ ውጪ ደግሞ ያዳምጡ። ኢትዮጵያውያኑን ፒያኒስቶች እማሆይ ፅጌማርያም ገብሩን (እ.ኤ.አ. 1923–2023) እና ግርማ ይፍራሸዋን ሲሰሙ አንዲት ኖታ እንዴት እንደምትለቀቅ፣ ሁለት እኩል የሚመስሉ ኖታዎች እንዴት እንደማይተካከሉ ልብ ይበሉ። ይህን ነጥብ የሚሰጥ ፕሮግራም የለም።

በየሁለት ሳምንቱ አንድ ፈተና ያድርጉ። ላፕቶፑን ይክደኑ፣ የዩኤስቢ ገመዱን ይንቀሉ (ድምፁ ከኮምፒውተሩ የሚወጣ ከሆነ ስክሪኑን ብቻ ይሸፍኑ)፣ 100 በመቶ ያገኙበትን መልመጃ ከኖታው ወረቀት ላይ ወይም በቃልዎ ይጫወቱት። ከአራተኛው ባር ካላለፉ የያዙት ስክሪኑን ነው፤ በማግስቱ እዚያው መልመጃ ላይ በ50 በመቶ ፍጥነት ይጀምሩ።