ከቡና ጆንያና ከቁራጭ ጨርቅ የእንቁጣጣሽ የበር ጉንጉን አሠራር

የጆንያ ጌጥ ሲበላሽ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከአበባው ሳይሆን ከጆንያው ነው። ሳይዘጋጅ የተቆረጠ ጆንያ ይሸታል፣ ብናኙን ምንጣፍ ላይ ያራግፋል፣ ጠርዙም ክር በክር እየተፈታ ለመስቀል ሳይደርስ ይራቆታል። ስለዚህ ለዝግጅቱ ጊዜ ስጡት። አበባውን መሥራት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ጆንያውን አጥቦ ማድረቅ ግን በክረምት ብዙ ቀን ሊወስድ ይችላል። ለመስከረም 1 የምትሠሩ ከሆነ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጀምሩ። ጳጉሜን ላይ የታጠበ ጆንያ እርጥብ እንደሆነ በር ላይ ይወጣና ይሻግታል።

የምትፈልጉት አንድ የቡና ጆንያ፣ ሩብ ሜትር ደማቅ ቢጫ የጥጥ ጨርቅ፣ ሩብ ኪሎ የአናጺ ነጭ ኮላ፣ 3 ሚሊ ውፍረት ያለው 1 ሜትር ሽቦ፣ ጥቂት ቀጭን የማሰሪያ ሽቦ፣ 12 መርፌ ቁልፍ፣ ጠንካራ ክር፣ ሰፊ ብሩሽና ፒንሳ ነው። ሽቦው ከሌለ የልብስ ማጠቢያ ቤቶች የሚሰጡት የሽቦ መስቀያ ተዘርግቶ ይሆናል። መቀሱ ለጆንያ ብቻ የሚውል ቢሆን ይሻላል፤ ጆንያ ስለቱን ቶሎ ያደነዝዘዋል፣ ከዚያ በኋላ ጨርቅ ያኝካል።

ጆንያውን መምረጥ

ነጭና የሚያብለጨልጨው፣ ብዙዎቻችን ማዳበሪያ የምንለው፣ ፕላስቲክ ነው። ካውያ ሲነካው ይቀልጣል፣ ቀለምም አይዝም። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ቡናማው፣ ቡና ወደ ውጭ የሚላክበት 60 ኪሎ የሚይዘው የጁት ጆንያ ነው። ከተጠራጠራችሁ አንድ ክር መዝዛችሁ በክብሪት ለኩሱት፦ ጁት ነዶ አመድ ይሆናል፣ ፕላስቲክ ግን ይኮማተርና ጠጣር ፍሬ ሆኖ ይቀራል። የቃጫ ጆንያም አለ፤ እሱ ግን ለዚህ እጥፋት ደረቅ ነው፣ ጣትም ይልጣል። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ቡና የሚቆሉ ትንንሽ ቤቶችን ጠይቁ፤ ባዶ ጆንያ በርካሽ የሚሸጡ ወይም በነጻ የሚሰጡ አሉ።

የቡና ጆንያ በአብዛኛው 70 በ100 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የጎኑና የታቹ ስፌት ሲፈታ አንድ 140 በ100 የሆነ ጨርቅ ይወጣዋል። ስፌቱን በመቀስ አትቁረጡት። የስፌቱን ጫፍ ፈልጋችሁ አንዱን ክር ስትስቡ፣ ትክክለኛው ጫፍ ከሆነ ስፌቱ ሙሉ በሙሉ ተተርትሮ ይወጣል፤ እምቢ ካለ ከሌላኛው ጫፍ ሞክሩ። የወጣውን ክር አትጣሉት፣ ለአበባው መሃል ይሆናል።

ማጠብና ማድረቅ

በመጀመሪያ ደጅ ገመድ ላይ አስጥታችሁ በዱላ አራግፉት፣ አፍንጫችሁንም ሸፍኑ። ብናኙ ብዙ ነው። ጆንያው የጋዝ የሚመስል ሽታ ካለው ፋብሪካ ውስጥ ጁቱን ለማለስለስ የሚቀባው ዘይት ነው። ጥሩ አየር በሚያገኝበት ቦታ ሁለት ሦስት ቀን ማንጠልጠል ይቀንሰዋል፤ ካልለቀቀ ይታጠባል።

በእጅ፣ በቀዝቃዛ ውኃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና እጠቡት። ማሽን ውስጥ አይገባም፦ የሚረግፈው ጭረት የውኃ መውጫውን ይደፍናል፣ ሽመናውም ይዛባል። ከ15 ደቂቃ በላይ አትዘፍዝፉት። ጁት ሲርስ ከደረቅነቱ ይልቅ ደካማ ነው፣ ስለዚህ አትጭመቁት። በፎጣ ጠቅልላችሁ ተጫኑትና ውኃውን ፎጣው ይምጠጠው። ቡናማ ቀለም ስለሚለቅ ፎጣው አሮጌ ይሁን፣ ሌላ ልብስም አብሮ አይታጠብ። ጠርዙን ቀጥ አድርጋችሁ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ሲታጠብ ጥቂት ሴንቲ ስለሚሸሽ ልኬት የሚወሰደው ከደረቀ በኋላ ብቻ ነው። ካውያ የሚደረገው እርጥብ ነጠላ ጨርቅ ከላይ ደርቦ ነው። የጁት እጥፋት በደረቅ ካውያ አይለቅም።

ክር ስቦ መቁረጥ

ጆንያ ላይ በማስመሪያ መስመር አስምሮ መቁረጥ ቀጥ ያለ ነገር አይሰጥም። ሽመናው ራሱ ጠማማ ስለሆነ መስመሩ ድሩን እያቋረጠ ይሄዳል፣ የተቋረጠው ክር ሁሉ በኋላ ይረግፋል። መንገዱ ይህ ነው፦ ከረጅሙ ጠርዝ 14 ሴንቲ ለኩና እዚያ ያለውን አንድ ክር በመርፌ ጫፍ አንሥታችሁ በዝግታ ሳቡት። ክሩ ሲወጣ ከዳር እስከ ዳር ቀጭን ክፍት መስመር ይታያል። መሃል ላይ ከተበጠሰ በመርፌ የቀረውን ጫፍ ፈልጉና ቀጥሉ። ከዚያ ሌላ 14፣ እንደገና 14፤ ከ100 ሴንቲው ሰባት ጨርቅ ይወጣል፣ እያንዳንዱ 14 በ140።

ከመቁረጣችሁ በፊት ኮላ ይቀባል። ኮላና ውኃ እኩል በእኩል ቀላቅሉ፣ ከጆንያው ሥር ላስቲክ አንጥፉ፣ ክፍቱን መስመር መሃል አድርጋችሁ 1 ሴንቲ ስፋት ቀቡ። ሊደርቅ ሲል ጆንያውን አንዴ ከላስቲኩ አላቁት፤ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ በመስመሩ ላይ ቁረጡ። አንድ ቅብ የሁለቱንም ጨርቆች ጠርዝ ይዞ ይቀራል። ኮላውን ወፍራም ካደረጋችሁት ሲደርቅ ያብለጨልጫል፣ ጨርቁም አይታጠፍም። ማስቲሽ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ቢጫ እድፍ ስለሚተው አይመከርም።

ጉንጉኑ

1 ሜትሩን ሽቦ በ30 ሴንቲ ድስት ዙሪያ ጠምዝዙ። ዙሪያው 94 ሴንቲ ይወስዳል፣ የቀረው 6 ሴንቲ ለሁለቱ ጫፎች መቆለፊያ ነው። ገና አትቆልፉት። አንዱን ጫፍ በፒንሳ መንጠቆ አድርጉት፣ ሌላውን በፕላስተር ጠቅልሉት፤ ያልተጠቀለለ ጫፍ እያንዳንዱን ክር እየያዘ ያስቸግራል።

አንዱን ጨርቅ ያዙና ከጫፉ 2 ሴንቲ ገባ ብላችሁ፣ ከስፋቱ መሃል፣ በሽቦው ውጉት። ከዚያ 4 ሴንቲ እያራመዳችሁ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እየወጋችሁ ሂዱ። ጨርቁ በራሱ ይታጠፋል። አንድ ጨርቅ 35 ያህል እጥፋት ይሰጣል፤ ተሰብስቦ 13 ሴንቲ ሽቦ መሸፈን አለበት። ከዚያ በላይ ከተለጠጠ ሽቦው ይታያል፣ ከጠበበ ደግሞ ሰባቱም አልቀው ቀለበቱ ላይ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ እያንዳንዱን ጨርቅ እንደጨረሳችሁ ለኩት። ጨርቅ ከጨርቅ መስፋት አያስፈልግም፣ ቀጣዩ ከቀደመው ሥር ብቻ ይጀምር። ሰባቱ ሲያልቁ ሽቦውን ቆልፉና መጋጠሚያውን በማሰሪያ ሽቦ እሰሩት። በመጨረሻ እጥፋቶቹን አንዱን ወደ ፊት አንዱን ወደ ኋላ እየጎተታችሁ አፍታቱ። የተጠናቀቀው ጉንጉን ከዳር ዳር 44 ሴንቲ ይሆናል፣ ለተለመደ የቤት በር በቂ ነው።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ በትኩስ ሙጫ ያጣብቁታል። ጆንያ ወንፊት ነው፤ ሙጫው በቀዳዳው አልፎ በቀጥታ ጣት ላይ ይፈሳል፣ የሚያቃጥለውም ክፉኛ ነው። የግድ ከሆነ በጣት ሳይሆን በእንጨት ተጫኑት። ፀሐይ የሚመታው በር ላይ ደግሞ ሙጫው ይለሰልስና አበባው ይወድቃል። መርፌና ክር ይሻላል።

አደይ አበባ

አደይ በአብዛኛው 8 ቅጠል አላት፤ አምስት ካደረጋችሁት ሌላ አበባ ይሆናል፣ ያየ ሁሉ ባይናገርም ይታወቀዋል። ጨርቁ ፖፕሊን ወይም የተነከረ አቡጀዲ ይሁን። ሳቲን ጠርዙ ይተረተራል። አቡጀዲን በእርድ መንከር ያምራል፣ ግን የእርድ ቀለም ፀሐይ አይችልም፣ ሳሙና ሲነካውም ይቀላል። ለቤት ውስጥ ብቻ ተጠቀሙበት።

ጨርቁ ቀድሞ ይደርቅ፣ ማለትም በኮላ ይጠጥር፣ ከዚያ ይቆረጥ። ተቃራኒው ከተደረገ ትንንሾቹ ቅጠሎች ይጠቀለላሉ፣ ጠርዛቸውም ይለያያል። አንድ የቡና ሲኒ ኮላ በአንድ ሲኒ ውኃ በጥብጡና ጨርቁን ነክራችሁ ላስቲክ ላይ ዘርጉት። ላስቲኩን የነካው ገጽ ያብለጨልጫል፤ እሱ የአበባው ጀርባ ይሆናል።

ሦስት ልክ ያለው የካርቶን ቅርጽ አዘጋጁ፦ ትልቁ 3 በ6፣ መካከለኛው 2.5 በ4.5፣ ትንሹ 2 በ3.5 ሴንቲ። ሥሩ ጠበብ፣ መሃሉ ሰፋ ብሎ ጫፉ ላይ በጣም ትንሽ ጥርስ ይኑረው። ቅርጹን ጨርቁ ላይ በሰያፍ አስቀምጡት፤ ድርና ማጉን በሰያፍ ያቋረጠ ጠርዝ አይተረተርም፣ ቅጠሉም በጣት ሲታጠፍ ቅርጹን ይይዛል። 3 ትልቅ፣ 5 መካከለኛና 4 ትንሽ አበባ ይበቃል፣ በድምሩ 96 ቅጠል ማለት ነው።

የ8ቱን ቅጠል ሥር በአንድ ክር ተራ በተራ ወግታችሁ ሳቡትና ክብ ሲሆን ቋጥሩ። መሃሉ ክፍት ከሆነ ክሩ የተወጋው ከሥሩ ርቆ ነው፤ ከጫፉ ግማሽ ሴንቲ ላይ ይወጋ። ለመሃሉ የጆንያውን ክር ጠምዝዛችሁ 2 ሴንቲ ክብ አድርጉና ከጀርባ ስፉት። ከዚያ አበባውን 4 ሴንቲ ክብ ጆንያ ላይ ስፉ፣ ከኋላ መርፌ ቁልፍ አያይዙ። መርፌ ቁልፉ የተመረጠው አበባው እንዲነቀል ነው፣ ጉንጉኑ ለሌላ በዓል ስለሚፈለግ።

አደራደሩ ላይ አንድ ምክር፦ አሥራ ሁለቱን ዙሪያውን እኩል አትበትኗቸው፣ የሠርግ መኪና ያስመስለዋል። ግራ ታችኛው ሲሶ ላይ ሦስቱን ትልልቅ አቀራርቡ፣ መካከለኞቹን በመሃላቸው አግቡ፣ ትንንሾቹ ወደ ላይ እየሳሱ ይውጡ። ቀሪው ባዶ ጆንያ ይሁን።

ጽሑፍ ከፈለጋችሁ

20 በ25 የሆኑ አምስት ባንዲራዎች ቆርጣችሁ «መስከረም» ብትጽፉ ለሳሎን ግድግዳ ይሆናል። ለዚህ ሁለተኛ ጆንያ ያስፈልጋል። ፊደሉን ካርቶን ላይ ስትቀዱ የመ እና የም ቀለበቶች መሃላቸው ይወድቃል፤ በቀጭን ድልድይ አያይዟቸው፣ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ድልድዩን በብሩሽ ድፈኑት። ቀለሙ ውኃ ያልነካው አክሬሊክ ይሁን፣ በስፖንጅ ተጠቅጥቆ ይቀባ። የቀጠነ ቀለም በክሩ ይሳብና ፊደሉ ያብጣል። ቢጫ በቀጥታ ጆንያ ላይ ከተቀባ ቡናማው ይውጠዋል፤ አስቀድሞ ነጭ ቅቡ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ቢጫውን።

ከመስቀል እስከ ገና

ጁት በቀላሉ ይቀጣጠላል። በመስቀል ዋዜማ፣ መስከረም 16፣ በር ላይ ችቦ የምታበሩ ከሆነ ጉንጉኑን አስቀድማችሁ አውርዱት። ቤት ውስጥም ከቡና ከሰልና ከእጣን ማጨሻ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። ዝናብ በሚመታው የውጭ በር ላይ ደግሞ ባይሰቀል ይመረጣል፤ ሁለት ጊዜ የራሰ ጆንያ እጥፋቱ ይተኛል፣ ከዚያ መነሣት የለውም።

ለታኅሣሥ 29 ቢጫዎቹን ነቅላችሁ በዚያው ቅርጽ ከነጭ አቡጀዲ የተሠሩትን አድርጉ። ከአሮጌ ነጠላ የተረፈ ጥለት ካለ 60 ሴንቲውን ቀስት አድርጋችሁ ከላይ እሰሩት። ቀይ ጥለት ግን ይፈትናል፦ አስቀድማችሁ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሹት፣ ቀለም ከለቀቀ ለብቻው ታጥቦ እስኪጠራ ድረስ ጆንያውም ነጩ አበባም ዘንድ አይቅረብ። ጥለቱን ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፍ ጆንያ ላይ መስፋት የምትፈልጉ ደግሞ ጁት ሲሰፋ እንደሚለጠጥ፣ ጥለት እንደማይለጠጥ አስቡ። በቀጥታ ማሽን ላይ ከገባ ይሸበሸባል። መጀመሪያ በእጅ ረጃጅም ስፌት ያዙት፣ ከዚያ በ100 ቁጥር መርፌና በ4 ሚሊ ርዝመት ስፉት፣ ከሥሩም የአቡጀዲ ገበር ይግባ፤ ያለ ገበር ጠረጴዛውን ይጭረዋል። ሲያልቅ የማሽኑን የታችኛውን ክር ቤት ክፈቱና በብሩሽ ጥረጉት፣ የጁት ጭረት ይሞላዋል።

በዓሉ ሲያልፍ ጉንጉኑ ካርቶን ውስጥ ተኝቶ ይቀመጥ፣ በፌስታል አይታሰር፤ ጁት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ፌስታል ውስጥ ደግሞ መውጫ የለውም። አበቦቹን ለብቻ፣ ቅጠላቸው ወደ ላይ ሆኖ፣ ምንም ነገር ሳይጫንባቸው አስቀምጡ። የተጨፈለቀ ቅጠል በካውያ እንፋሎት ለስለስ ሲል በጣት ይመለሳል፤ ካውያው ራሱ ግን አይንካው፣ ኮላው ይጣበቅበታል።